ዲስኩ አልተንሸራተተም

ጡረታ ስወጣ አንድ ጋቢ እና በመስተዋት የተከደነ የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ «ላበረከቱት የላቀ አስተዋጽኦ» ይላል። «የትኛው?» ብዬ ጠየቅሁ። አዳራሹ ሳቀ። ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔ አልቀለድኩም። ዕድሜዬን መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ሁሉ ሥራዬ በስም የተጻፈው በሌላ አንድ ወረቀት፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ውሸት ነው። ስለዚያ ወረቀት ልጽፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ መንዝ ውስጥ ያለ የወረዳ መሥሪያ ቤት ነው፣ ይበቃል። ሰዎቹም ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹ አልበደሉኝም።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ሚስት አግብቼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢያነክስ በዚያ ይታለፍልኝ።

አባቴ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለ ቀጥቃጭ ነበር። ገበሬው ማረሻው ሲደነዝዝ ደጃችን ይመጣል፤ «አባባ፣ ቶሎ በልልኝ፣ ዝናቡ ደረሰ» ይላል። ማረሻው ከተሳለ በኋላ ግን ከእኛ ጋር እንጀራ አይቆርስም። ልጁ ካመመው ደግሞ የሚታማው አባቴ ነው፤ ቡዳ በላው ይባላል። ማረሻ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚበላ አንድም ቀን አልጠየቁም። ያን ስም ሽሽት ደብረ ብርሃን ወርጄ ጋራዥ ገባሁ። የመኪና ብረት ሌላ ብረት መስሎኝ ነበር። ያው ብረት ነው። ሰውም ያው ሰው ነው።

ጋራዡ ውስጥ ያስተማሩኝ ጋሽ ደግፌ የሚባሉ ቀጭን፣ ቆጣ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰው «ምን ሆነች?» ሲላቸው አይመልሱም፤ ጣታቸውን ዘይቱ ላይ ነክረው ያሸታሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ ከዚያ «ሥሯ ገብቼ ልያት» ይላሉ። ከመግባታቸው በፊት መሬት ላይ ጆንያ ያነጥፋሉ። የፈቱትን ቡሎን በፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድሩታል። ሰው ያንን ጆንያ ቢረግጥባቸው ቀኑን ሙሉ አያናግሩትም።

ከሁሉ በላይ ግን ድንጋያቸው ነበረች። የቡና ጀበና የምታህል፣ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ የሆነች ጥቁር ድንጋይ፤ ወገቧ ላይ ሽቦ ጠምጥመው እጀታ አውጥተውላታል። መኪና ሥር ከመግባታቸው በፊት ራሳቸው ተሸክመው ጎማው ሥር ይሸጉጧትና በተረከዛቸው ሦስት ጊዜ ይመቷታል። ሌላ ሰው ያደረገውን ታኮ አያምኑም።

አንድ ቀን፣ ገና ጀማሪ ሆኜ፣ «ጋሽ ደግፌ፣ የእጅ ፍሬን ተስቦላት የለም እንዴ? ማርያም ትይዛታለች» አልኳቸው።

«ማርያም ስንት ሥራ አላት!» አሉኝ። «ድንጋይ ይዟታል በል።»

ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ አንዲት የሩስያ ጂፕ ነበረች፣ የጦር ሠራዊት። የፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ሸጉጠው ሁለቱንም የኋላ ጎማ በክሪክ አነሡ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡት። «ቀኙን ወደ ፊት አዙር» አሉኝ። ፍሬን የተሳበበት ጎማ በእጅ እንዴት ይዞራል ብዬ ስነካው ዞረ። ግራው ደግሞ በራሱ ወደ ኋላ ዞረ። ክው አልኩ።

«አየህ» አሉኝ፣ «የዚች መኪና የእጅ ፍሬን ጎማ አይዝም። ከማርሽ ቤቱ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ዘንጉ ቆሞ ጎማዎቹ እርስ በርሳቸው መዞር ይችላሉ። ሁለቱም መሬት ከረገጡ ትቆማለች። አንዱን ካነሣኸው ግን የተነሣው ባየር ላይ ወደ ኋላ ይዞርልሃል፣ መሬት የረገጠው ወደ ፊት ይሄዳል። ማርሽ ውስጥ ብትተዋትም ያው ነው፤ ማርሹም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ክሪክ። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። ገብቶኝም ነበር። እርግማኔ እዚህ ላይ ነው፤ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ወደ አገሬ ልዛወር ስል ጋሽ ደግፌ ድንጋዪቱን በጆንያ ጠቅልለው ሰጡኝ። «መንዝ ድንጋይ የለም ብለው ነው?» አልኳቸው። «አለ፤ ሰው ግን እንደ ድንጋዩ አይደለም» አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። በዚያው አላየኋቸውም።

ወረዳው መሥሪያ ቤት ስደርስ ያገኘኋት መኪና ያቺው ዘር ናት፤ ወታደሩ ሲበተን መንገድ ዳር የቀረች አሮጌ የሩስያ ጂፕ። ጣራዋ ሸራ ነው። ሞተሯ ግን ሰው አያሳፍርም። የበግ ክትባት በበረዶ ሣጥን ጭና በጓሳ ደጋ በኩል ግሼ ድረስ ትሄዳለች። ሾፌሩ ታደሰ ይባላል፤ ቀልደኛ፣ እጁ ለመሪ የተፈጠረ የሞላሌ ሰው። እኔን «ዘኔ» ይለኛል፤ ሌላው ሁሉ «ዘነበ» ነው የሚለኝ፤ ዞር ስል ደግሞ ሌላ ስም አለኝ።

የጂፗ ጣጣ የእጅ ፍሬኗ ነበር። ፍሬኑ ከማርሽ ቤቱ ጀርባ የተቀመጠ ታምቡር፣ ድስት መሰል ዝግ ብረት ነው። ዘይት ማገጃው ላስቲክ ሲያረጅ ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ውስጡ ያለው የፍሬን ሸራ ይርሳል፣ ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ምንም አይዝም። ሸራ እንቀይራለን፤ በወሩ ይርሳል። ታደሰ ቁልቁለት ላይ ሲያቆማት አንድ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ አንገቱን አውጥቶ «ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ጊዜ ገበያ መሐል እንዲህ ሲጮኽ ሰው ጠብ የተነሣ መስሎት ተበተነ።

ከደብረ ብርሃን መንገድ ላይ አንዲት ተገልብጣ የተጣለች የቤት መኪና ነበረች። ሥሯ ገብቼ ሳይ የኋላ ጎማዋ በዲስክ፣ ሰሃን በመሰለ ብረት ነው የሚያዘው፤ የእጅ ፍሬኗም በካቦ ተስቦ ዲስኩን ከሁለት ወገን እንደ ጉጠት የሚጨብጥ ካሊፐር አለው። ጉጠት ስል አባቴ ትዝ አለኝ። ይህን ከጂፗ ዘንግ ላይ ብገጥመውስ? ዲስክ ክፍት ነው፤ ዘይት ቢነካው እንኳ ሲሽከረከር ይረጨዋል፤ እንደ ታምቡር አያጠራቅመውም።

ቀላል አልነበረም። የዲስኩ መሐል ቀዳዳ ከዘንጉ አንገት ይሰፋል። ደብረ ብርሃን ወርጄ ቶርኖ ቤት ቀለበት አስቆረጥኩለት፤ እንዲሁ ሳይሆን በመዶሻ እንጨት መታ መታ ተደርጎ እንዲገባ። ካሊፐሩን የሚሸከመውን መያዣ፣ እኛ ጠፍር የምንለውን፣ መጀመሪያ ከቀጭን ላሜራ ሠራሁት። ፍሬኑን ስስበው ጠፍሩ እንደ ቅጠል ታጠፈ። ከተቃጠለ ካሚዮን ወገብ ወፍራም ብረት ቆርጬ ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። ያኔ አርጅቷል፤ ወናፉን ግን ማንም አያስነካም። ብረቱን አግሎ፣ እኔ በጉጠት ይዤ፣ እሱ እየመታ አጠፍነው።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፍሬን ነው፣ አባባ።»

«ስንት በሬ ያቆማል?»

«ብዙ።»

«እንግዲያ አንድ ጊዜ ልድገመው» ብሎ መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው።

ከገጠምኩት በኋላ አንድ ምስማር እንጨት ላይ መትቼ ጫፉን ወደ ዲስኩ አስጠግቼ አቆምኩና ዘንጉን በእጄ አዞርኩ። ዲስኩ የተጣመመ ከሆነ ምስማሩ ባንድ ወገን ብቻ ይቧጭረዋል። ቧጨረው። ፈታሁ፣ ቀለበቱን በሞረድ ላስ አደረግሁት፣ ገጠምኩ። እንደገና ቧጨረው። አራት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። በአምስተኛው ምስማሩ ዲስኩን ዙሪያውን እኩል ላሰው። ዘይት ማገጃውንም አዲስ አደረግሁ፤ ጭቃ እንዳይረጨው ከቆርቆሮ መከለያ ሠራሁለት። ካቦውን ስስበው ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር። ክርርር አይልም። ግጥም።

የሙከራው ዕለት ኃላፊያችን ከዞን የመጡ እንግዶችን ይዞ ወጣ። ወጣት ነው፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርግ፣ በስብሰባ ያደገ። ታደሰ ጂፗን ስምንት ሰው ጭኖ ቁልቁለቱ መሐል አቆማትና ፍሬኑን ስቦ እግሩን አነሣ። አልተንቀሳቀሰችም። ወርዶም መሬት ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ «ውረዱ፤ ስለምታፈቅረኝ እዚሁ ትጠብቀኛለች» አለ። ሰው ሳቀ።

ኃላፊው ከጂፗ ወንበር ሥር የማኖራትን የጋሽ ደግፌን ድንጋይ አያት። «እስከ መቼ ነው መኪና በድንጋይ የምናስረው? እንግዶቹ ምን ይላሉ? ዘነበ፣ ከእንግዲህ ታስፈልጋለች?»

እንግዶቹ እኔን እያዩ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ ሆኜ ይህን ያህል ዓይን በበጎ አይቶኝ አያውቅም።

«አታስፈልግም» አልኩ። አንሥቼም በገዛ እጄ ቦይ ውስጥ ወረወርኳት።

አጨበጨቡ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ታደሰ ክትባት ጭኖ ሲሄድ ጓሳ ላይ፣ ቁልቁል በያዘ ርጥብ ሣር ላይ፣ የኋላ ቀኝ ጎማው ተነፈሰ። ፍሬኑን ሳበ። ያዘችለት። ወርዶ ድንጋይ ፈለገ፤ ዙሪያው ሣር ብቻ ነው። ሩቅ ሄዶ እንዳይፈልግ ደግሞ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ይበላሻል። «አታስፈልግም» ተብሏል። በክሪክ አነሣት። ጎማው ከመሬት እንደለቀቀ ጂፗ ሄደች። ከክሪኩ ወርዳ በግራ እግሩ ላይ አለፈችና ቦረቦር ውስጥ ቆመች። የጓሳን ግጦሽ የሚጠብቁ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አደረሱት።

እኔ ስደርስ እሱን ወስደውታል። ሥሯ ገባሁ። ፍሬኑ እንደተሳበ ነው። በካሊፐሩና በዲስኩ መሐል የቢላዋ ጫፍ ልሰድ ሞከርኩ፤ አይገባም። እንደነከሰ ነው። ሣሩ ላይ ያለውን ዱካ ተከተልኩ፤ የግራው ጎማ አልተጎተተም፣ ተንከባልሏል። ያን ጊዜ የጋሽ ደግፌ ድምፅ በጆሮዬ መጣ። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ጤና ጣቢያ ስገባ ታደሰ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዘኔ፣ ፍሬንህ ከዳኝ» አለኝ።

«ፍሬኑ አልከዳህም። እኔ ነኝ የከዳሁህ። አንዱ ጎማዋ ከተነሣ እንደማይዝ አውቅ ነበር። አልነገርኩህም። ድንጋዩንም የጣልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ለሌላው ሾፌር ንገር» አለኝ። «እኔስ አንዴ ተምሬያለሁ።»

ግምገማ ተጠራ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ኃላፊው «ዲስኩ ለምን ተንሸራተተ?» አለኝ።

«አልተንሸራተተም። ሂዱና እዩት።»

«ታዲያ መኪናዋ በምን ሄደች?»

«ባንድ እግሯ።»

ሳቁ። ከኋላ አንዱ «ቡዳ በልቷት ይሆናላ» አለ። ይበልጥ ሳቁ። ኃላፊውም ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ።

«ሁለቱንም የኋላ ጎማ ላንሣና ላሳያችሁ» አልኩ። «ዲስክም ይሁን ታምቡር ልዩነት የለውም። ታምቡሩ መልሶ ቢገባም አንዱ እግር ሲነሣ ትሄዳለች። ጥፋቱ የድንጋዩ አለመኖር ነው። ድንጋዩን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጻፉ።»

ኃላፊው ሳቁን አቆመ። ስለ ድንጋዩ ማን «ከእንግዲህ ታስፈልጋለች?» እንዳለ እሱም ያስታውሳል፣ አዳራሹም ያስታውሳል።

«ጉባኤው ጋራዥ አይደለም» አለ።

ቃለ ጉባኤው ተጽፎ መጣ። ጸሐፊው ወረቀቱን አስቀመጠና የቀለሙን ሣጥን ወደ እኔ ገፋ። «አውራ ጣትህን» አለኝ።

«ብዕር ስጠኝ። መጀመሪያ ግን ላንብበው» አልኩ።

ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ሙያው በሌለው ሠራተኛ ያለ ፈቃድ የተገጠመው ዲስክ በመንሸራተቱ» ይላል። ያለ ፈቃድ! ያጨበጨበው እጅ ገና አልቀዘቀዘም። ስለ ድንጋዩ አንድ ፊደል የለም።

«አልፈርምም» አልኩ።

«ምን ቸገረህ?» አለኝ ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልተባረርክም። ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ፈርምና ይለፍ።»

«ነገ ሌላ ሰው ክሪክ ያነሣል። ይህን ወረቀት ያመነ ሰው ታምቡሩ ይይዘኛል ብሎ ሥሯ ይገባል። እኔ አንድ ሰው ጎድቻለሁ። ሁለተኛውን በፊርማዬ አልጎዳም።»

አልፈረምኩም። በማግሥቱ «ዲስኩን አውልቅና ታምቡሩን መልስ» ተባልኩ። አወለቅሁ። ዲስኩን፣ ካሊፐሩን፣ አባቴ ያጠፈውን ጠፍር ግራሶ ቀብቼ በጆንያ ጠቀለልኩ። በሳምንቱ ቀየት ወደምትባል ከተማ የዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኜ ተዛወርኩ፤ ደመወዜም ቀነሰ። ከመሄዴ በፊት ቦዩ ውስጥ ወርጄ ድንጋዪቱን ከጭቃው አወጣኋት።

ከዓመት በኋላ ያቺው ጂፕ፣ በዚያው ታምቡር፣ አንድ እግሯ በክሪክ ተነሥቶ ሄደች። የአዲሱን ሾፌር ትከሻ ሰበረች። ያኔም «ተንሸራተተ» ተብሎ ተጻፈ። ድንጋይ ወደ መኪናዋ እንዲመለስ አንድም ሰው አላዘዘም፤ መመለስ ማለት መጀመሪያውኑ መጣሉ ስሕተት ነበር ማለት ነው።

ቀየት ብዙ ዓመት ቆየሁ። ኃላፊዎች ተለዋወጡ፤ መካኒክ ሲጠፋባቸው መለሱኝ፤ ድንጋዬን ይዤ ገባሁ፤ ስልሳ ሲሞላኝ በጋቢ ሸኙኝ።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወር ጂፗ በሐራጅ ተሸጠች። የገዛት የሞላሌ እህል ነጋዴ ነው። ሰው ቤቴን ጠቁሞት መጣ። «ጋሼ፣ ፍሬን የላትም ይሉኛል። የድሮዋን የሚያውቁ እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

ጆንያውን ከአልጋዬ ሥር ሳብኩ። ግራሶው ጠቁሯል፤ ዲስኩ ግን ዝገት አልነካውም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታጠፍም። ታደሰ ምርኩዙን ይዞ መጥቶ ሣጥን ላይ ተቀመጠና ቡሎኖቹን ጆንያው ላይ በተራ እየደረደረ ያቀብለኛል። «ዘኔ፣ አሁንም ታፈቅረኝ ይሆን?» ይላል።

ሥራው ሲያልቅ የፊት ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ ሸጉጬ ሁለቱንም የኋላ ጎማ አነሣሁና ፍሬኑን ስቤ ነጋዴውን «ቀኙን አዙር» አልኩት። አዞረ። ግራው ወደ ኋላ ሲዞር ሲያይ አማተበ።

«ታዲያ ፍሬኑ ምን ይሠራል?» አለ።

«ሁለቱም እግሯ መሬት ላይ ሲሆን ተራራ ላይ ያቆማታል። አንዱን ካነሣህ ግን ይህ ነው የሚያቆማት» ብዬ ድንጋዪቱን ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ ይህማ በየመንገዱ አለ።»

«የለም። ጓሳ ላይ የለም። ያዝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ታደሰም ከሣጥኑ ላይ ሆኖ «ያዝ ይልሃል፣ ያዝ!» አለው። ወሰዳት። ወንበሩ ሥር ሲያስቀምጣት አየሁ።

ቃለ ጉባኤው እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት አለ። ዲስኩ ተንሸራተተ ይላል። አልተንሸራተተም። ድንጋዩን የጣልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጻፉልኝ ብዬ ነበር፤ አልጻፉም። እኔው ጻፍኩት። ፊርማዬም ይኸውና ከዚህ በታች ነው።

ዘነበ